ከጉልት እስከ ቅጂ መብት

ጣና ሐይቅ ላይ፣ ከደቅ ደሴት ጎን ባለችው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሥዕሉ የእቴጌይቱ ጸሎት ነው፤ ቤተ መቅደሱን ማን እንዳሠራው የሚመሰክር ማኅተምም ነው። የሠዓሊውን ስም ግን ተመልካቹ አያገኝም። በኢትዮጵያ የጥበብ ታሪክ ከፋዩን እናውቀዋለን፤ ሠሪውን ብዙ ጊዜ አናውቀውም። በመንግሥትና በጥበበኛው መካከል ያለው ግንኙነት በዘመናት ውስጥ ምን መልክ እንደነበረው ለማየት ከዚህ መነሣት ይቻላል።

የጎንደር ዘመን አሠራር በጉልት ላይ የቆመ ነበር። ንጉሡ ወይም እቴጌይቱ ደብር ይተክላሉ፤ ለደብሩ ጉልት ይሰጣሉ፤ ከዚያ መሬት የሚገባው እህልና ግብር መሪጌታውን፣ ደብተራውን፣ ቁም ጸሐፊውን፣ ሠዓሊውን ያሳድራል። የምንትዋብ ደብር ቁስቋም ማርያም ስትተከል የተተከለው ሕንፃ ብቻ አልነበረም፤ ማኅሌት የሚቆም፣ ቅኔ የሚቀኝ፣ ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ ማኅበረሰብም ተተክሏል። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ሁለተኛው የጎንደር ስልት የሚሉት፣ ፊቱ ጥላ ያረፈበት፣ ጨርቁ በአበባና በዘርፍ ያጌጠ አሣሣል የደመቀው በምንትዋብ ዘመን መሆኑ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የነገሥታቱ ኃይል ሲዳከምና መሳፍንቱ አገሩን ሲከፋፈሉት ትልልቁ ሥራም አብሮ ቀነሰ።

ከጉልቱ ውጭ የነበሩትም ነበሩ። አዝማሪው በመኳንንቱ አዳራሽ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ጌታው ሲዘምት ይዘምታል። ያሞግሳል፤ ሰምና ወርቁን ተከልሎም ይሰድባል። ይህ ነፃነት እስከ ጌታው ትዕግሥት ድረስ ብቻ የሚሄድ ነበር። የቆሎ ተማሪው ደግሞ ከየትኛውም ግምጃ ቤት ምንም አያገኝም፤ አኮፋዳውን ይዞ ከደጅ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነው ቁራሽ ነው ቅኔውንም ዜማውንም ያስተማረው። ስለዚህ በድሮው ሥርዓት ሁለት ከፋዮች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ላይኛው ቤተ መንግሥት፣ ታችኛው መንደር። ስለ ሁለተኛው ብዙ አልተጻፈም። በእኔ ግምት ግን የያሬድን ዜማ ከዘመን ዘመን ያሻገረው ከነገሥታቱ ጉልት ይልቅ የገበሬ ሚስት እጅ ነው።

ደመወዝተኛ ሙዚቀኛ የሚባል ነገር ወደ አገራችን የገባው ከዓድዋ በኋላ ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለአፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ላኩ፤ የቤተ መንግሥት ባንድም ተቋቋመ። ቀጥሎ በ1916 ዓ.ም. ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከቱርክ እልቂት የተረፉ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ማርሽ ባንድ ተመለከቱና ከነመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የመጡት በውል ነው፤ ወርኀዊ ክፍያ ነበራቸው። ናልባንዲያን የአገሪቱን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ቤተሰቡም ለሁለት ትውልድ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ ዋና አስተማሪ ሆኖ ቀረ። ራስ ተፈሪ የፈለጉት ለአዲስ ዘመን መንግሥት የሚመጥን ድምፅ ነበር። አገሪቱ ያገኘችው ግን ከዚያ የሰፋ ነው፤ ኋላ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች የበቀሉት ከዚያ ዘር ነው።

በዚያው ዘመን ጥበብ የመንግሥትን ቁጣ ሲቀምስም እናያለን። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጽፈው በመኳንንቱ ፊት አሳዩ። እንስሳቱ ስለ አስተዳደር ብልሹነት ይናገሩ ነበር። መልእክቱ የገባቸው ሰዎች ነገሩን ለንግሥት ዘውዲቱ አደረሱ፤ ተውኔቱ ታገደ፤ የአማርኛ ቴአትርም ገና ከመወለዱ ለዓመታት ተዳፈነ። የመጀመሪያው ተውኔታችንና የመጀመሪያው እገዳችን አንድ ቀን የተወለዱ መንትዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

ሐገር ፍቅር የመጣው በጦርነት ዋዜማ ነው። በ1927 ዓ.ም. ጣልያን በድንበር ላይ ሲያደባ፣ ኋላ ብርቱ ሚኒስትር የሆኑት መኮንን ሀብተ ወልድ የሐገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ሕዝቡን በንግግር፣ በዘፈንና በተውኔት ለመቀስቀስ። ከነፃነት በኋላ ማኅበሩ ወደ ቴአትር ቤትነት ተለውጦ ቀጠለ። መንግሥት ለቴአትር ገንዘብ ሲያወጣ ምን እየገዛ እንደሆነ አልደበቀም፤ አንድነትን፣ ፍቅረ ንጉሥን፣ ወኔን ገዝቷል። ቢሆንም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩት ክራር መቺዎች፣ ማሲንቆ ገራፊዎችና ዘፋኞች ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ዜማ በአንድ መድረክ ላይ ሲሰበስቡ ማንም ያላቀደው ሀብት ተፈጠረ። ከዚያ በፊት የወሎ ዘፈን ከወሎ፣ የጎጃም ዘፈን ከጎጃም ብዙም አይርቅም ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል ሲከበር ጣልያኖች ጀምረውት የነበረው የሲኒማ ሕንፃ ተጠናቆ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው ተመልሰው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ላይ አሸናፊ ከበደ የመሩት፣ ኋላ ያሬድ የተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተከተለ። እነዚህ ሦስት ተቋማት ሥርዓት ሲመጣና ሲሄድ ስማቸውን እየለወጡ ዛሬም ቆመዋል። ከንጉሡ ዘመን ድጋፍ ሁሉ የማደንቀው እዚህ ላይ ያለውን ነው፤ ትምህርት ቤት ከሥርዓት ዕድሜ በላይ ይኖራል።

ኦርኬስትራዎቹ ግን ከባለቤታቸው ጋር የሚወድቁ ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ በክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ በፖሊስ ሠራዊት ጥላ ሥር ነው የዘፈኑት። ደመወዝ፣ ልብስ፣ መሣሪያ፣ የልምምድ ቦታ ከሠራዊቱ ነው፤ ዲሲፕሊኑም ከሠራዊቱ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ የሐገር ፍቅር መሥራች መኮንን ሀብተ ወልድ ናቸው። ሙከራው ሲከሽፍ ከታሠሩት የክብር ዘበኛ አባላት አንዱ ደግሞ ዘፋኙ ጥላሁን ነው። በአንድ ሳምንት ግርግር የቴአትሩ አባት ሞተ፣ የሙዚቃው ንጉሥ ታሠረ፤ ሁለቱም ጥበብን ከመንግሥት ቤት ያኖሩ ወይም በመንግሥት ቤት የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ስለዚያ ዘመን ሲወራ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። የሸክላ ሙዚቃ ማሳተምና ማስመጣት በንጉሡ ድንጋጌ ለሐገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። ድጋፍ የተባለው ነገር በተግባር ብቸኛ ገበያ ሆነ። ሐገር ፍቅር ያን መብት ይዞ ብዙም ሳይሠራበት ዓመታት ሲያልፉ፣ በ1961 ዓ.ም. አምሓ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ እገዳውን ጥሶ የራሱን ሸክላ በውጭ አገር እያስቀረጸ ማምጣት ጀመረ። ይከሱኛል፣ ያሥሩኛል ብሎ ነው የገባበት። እስከ 1967 ዓ.ም. ከመቶ በላይ ሸክላዎች አሳተመ፤ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ማሕሙድ፣ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ግርማ በየነ በእነዚያ ሸክላዎች ላይ አሉ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ «ኢትዮፒክ» ተብሎ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰናጅነት የወጣውና ኢትዮጵያን በዓለም የሙዚቃ ካርታ ላይ ያስቀመጠው ተከታታይ አልበም በከፊል የተሠራው ከዚህ ክምችት ነው። ዛሬ የአገር ኩራት የምንለው ሙዚቃ በትልቁ የተወለደው ሕግ ተጥሶ መሆኑን ሚኒስቴሮቻችን ቢያስታውሱት ደስ ይለኛል። የጥበብ ፖሊሲ ሲረቀቅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን እንስጥ?» ከሚለው በፊት «ምን እየከለከልን ነው?» የሚለው ነው። አምሓ ራሱ አብዮቱ ሲመጣ ተሰደደ፤ በዋሽንግተንም ብሉ ናይል የሚባል ምግብ ቤት ከፈተ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከበደ ሚካኤልን፣ አፈወርቅ ተክሌን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን፣ እስክንድር በጎሲያንን ሸለመ። ስም ዝርዝሩን ዛሬ የሚያነብ ሰው ዳኞቹ ሰው እንደሚያውቁ ይመሰክራል። አንድም አላሳፈሯቸውም። ነገር ግን ሽልማቱ ከዙፋኑ ጋር የተሠራ ስለነበር ከዙፋኑ ጋር ወደቀ። ከተሸላሚዎቹ ሦስቱ የሞቱት አሜሪካ ነው። ገብረ ክርስቶስ በ1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ፣ እስክንድር በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ዘመን ካስተማረ በኋላ በ1995 ዓ.ም. ዋሽንግተን፣ ጸጋዬ ለኩላሊት ሕክምና በሄደበት ኒውዮርክ በየካቲት 1998 ዓ.ም.። የጸጋዬ አስከሬን ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ተቀበረ። የገብረ ክርስቶስም ሥዕሎች ከዓመታት በኋላ ከጀርመን ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ውስጥ ተሰቀሉ። ሸልመን፣ ሸኝተን፣ ኋላ ሥራቸውንና አስከሬናቸውን እንቀበላለን። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑን ሲያውጅ ለገበሬው የዘመናት ጥያቄ መልስ ነበር። በጥበብ ታሪክ በኩል ሲታይ ግን ሌላም ነገር ሆነ፤ ጉልት ቀረ። አድባራቱ መሬታቸውን ሲያጡ መሪጌታው፣ የድጓው መምህር፣ የአቋቋሙ መምህር፣ ቁም ጸሐፊው የሚተዳደሩበት ተነቀለ። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የቆየ የጥበብ በጀት በአንድ ቀን ሲሰረዝ በምትኩ ምንም አልቆመም። አዋጁን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውት አይመስለኝም። ኋላ የመጡትም አላሰቡበትም። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ተደሰትን፤ በበዓሉ ላይ የሚወረበውን ወረብ የሚያስተምረው የአብነት መምህር ግን ዛሬም የሚኖረው በምእመናን ልግስና ነው።

ያም ሆኖ ደርግ ለጥበብ ንፉግ አልነበረም። ቀበሌው፣ አውራጃው፣ ፋብሪካው ሁሉ የኪነት ቡድን እንዲኖረው ተደረገ። የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኖች ከዚያ ዘመን የቀሩ ስሞች ናቸው። ማሪቱ ለገሠ ከላሊበላ ኪነት የወጣች ናት። የቀበሌ አዳራሽ፣ ማይክራፎን፣ አኮርዲዮን፣ ከበሮ፣ የልምምድ ሰዓት። አንድ የገጠር ከተማ ልጅ መዝፈን ከፈለገ የሚሄድበት በር ነበረው። መዝሙሩ ስለ አብዮቱና ስለ ሊቀመንበሩ ነበር፤ ልጁ ግን ከመዝሙሩ መሀል ዜማ ተማረ። የዛሬ ወጣት በዚያው ከተማ ውስጥ ያን በር አያገኘውም። ደርግን የሚናፍቅ ጽሑፍ እየጻፍሁ አይደለም፤ አዳራሹን ግን እናፍቃለሁ።

ለሥነ ጽሑፍ የተደረገው ይበልጥ ጥልቅ ነው። የ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በርካሽ ዋጋ መጻሕፍት አሠራጨ። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቃቸው። ደራሲ የሚፈልገው ከደመወዝ በላይ አንባቢ ነው፤ አንባቢን በጅምላ የፈጠረው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የባህል በጀት ሲባል መድረክና ሐውልት ይታየናል። ትምህርት ቤትና ሬዲዮ ከሁለቱም ይበልጣሉ።

ግን ያው ኩራዝ በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አሳተመ። ደራሲው የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ ማተሚያው የመንግሥት፣ አሳታሚው የመንግሥት፣ ሳንሱሩም የመንግሥት። መጽሐፉ በወጣ በቀናት ውስጥ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራ ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የጥበብ ጎዳና በሙሉ በአንድ ባለቤት እጅ ሲገባ ደራሲው የሚሸሽበት ጥግ እንደማይኖረው ከበዓሉ ዕጣ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ትልቅ የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን በድርቁ ዘመን ለረዱ አገሮች ምስጋና ለማቅረብ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ። በዚያ መድረክ የታየው የጥበብ ጥራት ዛሬም በቪዲዮ ሲታይ ያስገርማል፤ ወጪውን የቻለው መንግሥት ዓላማው ስሙን ማደስ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ሳንሱሩና ድጎማው። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን ሻረ። ይህ የማይናቅ ድል ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ደራሲ ወይም ገጣሚ የጻፈውን ይዞ ሳንሱር ቢሮ ደጅ የጠናበትን ጊዜ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። በሌላ በኩል የኪነት ቡድኖቹ ተበተኑ ወይም ተዳከሙ፤ ኩራዝ እንደ ቀድሞው አልቀጠለም፤ በደርግ ዘመን የተቋቋመው የፊልም ኮርፖሬሽን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። ፊልም ሠሪው «ገበያው ያውጣህ» ተባለ። ገበያው አንድ ጊዜ አወጣው። በዲጂታል ካሜራ፣ በግል ገንዘብ፣ ከቤተሰብ በተበደሩት ብር የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዳራሾቹን ሞሉ፤ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ከፈር ቀዳጆቹ ነው። ሰው ለአማርኛ ፊልም ቲኬት ሊገዛ በሰልፍ ቆመ። ያን ሰልፍ ለቀጣዩ ፊልም ገንዘብ የሚያደርግ ሥርዓት ግን አልተሠራም። ሰልፉም በጊዜው ሳሳ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ሥነ ጥበብን የመደገፍ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያው ብሔራዊ የባህል ፖሊሲ ጸደቀ፤ የብሔር ብሔረሰቦች ባህል በእኩልነት እንዲታይ መደረጉ ቀደም ሲል ከመድረክ ውጭ ለነበሩ ቋንቋዎችና ዜማዎች እውነተኛ ለውጥ ነበር። ፖሊሲው ኋላ ተሻሻለ፤ በ2010 ዓ.ም. የፊልም ፖሊሲም ተጨመረ። ወረቀት አላነሰንም። አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ግን መርጋት አቃተው። ባህል አንዴ ከወጣቶችና ስፖርት፣ አንዴ ከቱሪዝም፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዳግም ከስፖርት ጋር ተጣመረ። ከቱሪዝም ጋር ሲሆን ጥበብ ለእንግዳ የሚቀርብ ሆነ፤ ከስፖርት ጋር ሲሆን በጀቱ ለውድድርና ለስታዲየም ያዘነብላል። ባህል ብቻውን ጠረጴዛ አግኝቶ አያውቅም ማለት ይቻላል።

በቅርብ ዓመታት ትልቁ የመንግሥት ገንዘብ የፈሰሰው ወደ ሕንፃ ነው። አንድነት ፓርክ በ2012፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመረቁ። አብርሆትን የሞሉትን ተማሪዎች ያየ ሰው ሕንፃው ባክኗል ሊል አይችልም። የዓድዋ መታሰቢያም ፒያሳ ላይ መቆሙ ተገቢ ነው። ሆኖም ሕንፃ በሪባን ይመረቃል፤ ለሦስት ዓመት ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ሪባን የለውም። የመንግሥት በጀት የሚታየውን ይወዳል፤ ጥበብ ደግሞ አብዛኛው ዕድሜዋ የማይታይ ነው። የቴአትር ቤቶቻችን ተዋናዮች የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዛቸው በመንግሥት ስኬል ይወሰናል፤ ጡረታ አላቸው። ከዚያ ክልል ውጭ ያለው፣ ማለትም አብዛኛው ሙዚቀኛ፣ ሠዓሊ፣ ደራሲ፣ ፊልም ሠሪ፣ ሲታመም የሚጠብቀው ኮሚቴ ነው። ወዳጆች ይሰበሰባሉ፣ የባንክ ሒሳብ ይከፈታል፣ በቴሌቪዥን ጥሪ ይደረጋል። ሕዝቡ ሁሌም ይሰጣል፤ ይህን ደግነት አከብራለሁ። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያዝናናን ሰው ለኩላሊቱ ወይም ለልቡ በአደባባይ እንዲለመንለት መተው ለእሱም ለእኛም ውርደት ነው።

ሕጉ በዚህ በኩል ትንሽ ቀድሟል። የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት፤ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ግን አልነበረም። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1995 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ማሻሻያው ቁጥር 872 የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲቋቋም መንገድ ከፈተ። በዚህ አሠራር አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ወይም ሆቴል ዘፈን ሲያጫውት ለማኅበሩ ይከፍላል፤ ማኅበሩ ለዜማና ግጥም ደራሲው፣ ለአቀናባሪው፣ ለዘፋኙ ያካፍላል። ይህ ለእኔ ከሁሉም የመንግሥት ድጋፎች ተስፋ የምጥልበት ነው። ሚኒስትር ቢቀየር፣ ሥርዓት ቢለወጥ ዘፈን በተጫወተ ቁጥር ገንዘቡ የሚገባው ለሠሪው ነው። የሚያስፈልገው ጣቢያዎቹ በእውነት እንዲከፍሉ፣ የተጫወተው ዘፈን በእውነት እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ካሴቱ ሞቶ ሁሉ ነገር ወደ ዩቲዩብና ወደ ስልክ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሥራው ጊዜ አይሰጥም።

ሌሎች አገሮች ከእኛ ብዙም ባልራቀ ኑሮ ላይ ሆነው ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል። ቡርኪና ፋሶ ገና የላይኛው ቮልታ ተብላ ስትጠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲኒማ ቤቶቹን ወርሳ ከቲኬት ገቢው ድርሻ ለፊልም ሥራ መደበች። ድሀ አገር ናት፤ የባሕር በር የላትም፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረችው ፌስፓኮ የአፍሪካ ሲኒማ ዋና ደጅ ሆነ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2009 የፌስፓኮን ከፍተኛ ሽልማት ያገኘው እዚያ ዋጋዱጉ ነው። ፊልሙ የተሠራው በጀርመንና በፈረንሳይ አጋሮች እገዛ ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሲሆን እሱም በአውሮፓ አጋሮች ነው የቆመው። ፈረንሳይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ ከእያንዳንዱ የሲኒማ ቲኬት ከ10 በመቶ በላይ ለፊልም ፈንድ ታውላለች፤ ከሆሊዉድ ፊልም ቲኬት የሚቆረጠው የፈረንሳይን ፊልም ያሠራል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 በጀመረችው ሙከራ ለ2,000 ጥበበኞች በሳምንት 325 ዩሮ መክፈል ጀመረች። ይህኛው ለእኛ ኪስ ይከብዳል። የቲኬቱ ግን አይከብድም፤ ገንዘቡ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ አዳራሹ የሚመለስ ነው።

የእንግሊዝ አርትስ ካውንስል እ.ኤ.አ. በ1946 ሲቋቋም የኢኮኖሚ ሊቁ ኬንስ የጸናበት አንድ ደንብ ነበር። ገንዘቡ ከግምጃ ቤት ይመጣል፤ ለማን እንደሚሰጥ ግን የሚወስነው ከሚኒስቴር የተለየ ጉባኤ ነው። ፍጹም ሆኖ አያውቅም፤ ተቺዎቹም ብዙ ናቸው። ቢሆንም ከኛ ታሪክ ጋር ሳስተያየው የጎደለንን በግልጽ ያሳየኛል። ምንትዋብ ሰጥተዋል፣ ኃይለ ሥላሴ ሰጥተዋል፣ ደርግ ሰጥቷል፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትም መኪና፣ ቤት፣ የክብር ዶክትሬት፣ ለሕክምና ገንዘብ ሰጥተዋል። ሁሉም በራሳቸው እጅ ነው የሰጡት። እጁ ሲነሣ የሚቀረው ትምህርት ቤቱና ሕጉ ብቻ እንደሆነ ከላይ አየን።

ስለዚህ ፊልም ላይ ቢጀመር እመርጣለሁ፤ ቲኬቱ የሚቆጠር ነውና። በአዋጅ የተወሰነ ድርሻ ከእያንዳንዱ ቲኬት ይቆረጥ፤ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። የሥራ ዘመኑ ከሚኒስትሩ የሥራ ዘመን ጋር የማይገጣጠም፣ ፊልም ሠሪዎች፣ ደራሲያንና የሒሳብ ባለሙያዎች ያሉበት ቦርድ ይሰየም። በየዓመቱ ማን እንዳመለከተ፣ ማን ምን ያህል እንደተሰጠው፣ ማን እንደወሰነ በጋዜጣ ይውጣ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ የሚሠራውም እኩል ይዳኝ። ይህ ለአምስት ዓመት ከቆመ ለመጻሕፍትና ለሙዚቃ መዘርጋት አይከብድም። የአብነት መምህራኑ ጉዳይ ግን ቲኬት አይጠብቅም፤ እሱ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ሊገባ የሚችል አንድ መስመር ነው።